ኔቪል «ዞሮ ዞሮ» ያላለበት ቀን

ኔቪል ስታኒፎርዝ አንድ ልጁን በሚድርበት ቅዳሜ ጠዋት፣ ሸሚዙን ክንዱ ላይ ጥሎ ሊተኩስ ወደ ኩሽና ሲወርድ፣ ገና ደረጃው ላይ እንዳለ የገዛ አፉን ከሰው አፍ ሰማ። «ዞሮ ዞሮ» ትላለች ጆዲ፣ የልጁ ሚዜ፣ ድምጿን እንደ ወንድ አጎርንና። «እውነቱን ለመናገር። ቅር እንዳይልህ እንጂ። አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ። በእኔ ቦታ ሆነህ እየው። ነገሩን አጥብቀን ካየነው።» ስድስት ላይ ስትደርስ አለቀባትና ሦስት ሳጥን ባዶ ቀርቷል አለች። ሦስቱን የሞላችው ሙሽራዋ ናት፣ ሊያን። ምንም ሳታስብ፣ ቂጣዋ ላይ ቅቤ እየቀባች፣ «ያው ነው እንግዲህ፤ እኔ ምን አውቃለሁ ግን፤ ገባህ አይደል?» ብላ ደረደረችላት። ነገሩ ጨዋታ ነው። ዘጠኝ ሳጥን ያለው ወረቀት ለሰማንያ ሰው ይታተማል፣ ከአጭር እርሳስ ጋር በየሳህኑ ሥር ይቀመጣል፣ የሙሽራዋ አባት ተነሥቶ ሲናገር አንዷን ባለ ቁጥር አንድ ሳጥን ይሰረዛል። ዘጠኙን ቀድሞ የጨረሰ ቢንጎ ብሎ ይነሣና አንድ ጠርሙስ ጂን ይሸለማል። «ቃል በቃል በሳቅ ሞቻለሁ» አለች ጆዲ፣ «ቃል በቃል» ሳትል ሁለት ዓረፍተ ነገር መቀጠል የማትችለዋ ጆዲ። ኔቪልን ደረጃው ላይ ያደረቀው ግን የእሷ ነገር አልነበረም። ሊያን ሳቀች። በአፍንጫዋ የምትስቀውን፣ ከልጅነቷ ጀምሮ እሱ ብቻ ነው የሚያስቃት እያለ የሚኮራበትን ሳቅ ነው የሳቀችው።

እኔ ከእነሱ ጋር ግድግዳ የምጋራ ጎረቤት ነኝ፤ እዚህ ከገባሁ ሃያ ሁለት ዓመቴ። የሼፊልድ ከተማ ቁልቁለት ላይ እርስ በርሳቸው ተደጋግፈው የቆሙት የእኛ ሰፈር ቤቶች ግድግዳቸው ስስ ነው፤ ማን እንደሚያንኮራፋ ብቻ ሳይሆን በየትኛው ጎኑ ተኝቶ እንደሚያንኮራፋ ይታወቃል። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ ያጫወተኝም ኔቪል ራሱ ነው፣ በአጥሩ ላይ ተደግፎ። እና ማስመሰል አልወድም፤ ያ «ዞሮ ዞሮ» የሚለው ሐረጉ እኔንም ያንገበግበኝ ነበር። በእንግሊዝኛው የቀኑን ማብቂያ የሚጠራ አነጋገር ነው፤ ኔቪል ግን ቁርሱን ሳይበላ ይጀምረዋል። ሠላሳ አራት ዓመት የቧንቧ ዕቃ መሸጫ ባንኮኒ ኋላ ቆሞ፣ ለመጣ ለሄደው ሁሉ «ዞሮ ዞሮ ቧንቧ ቧንቧ ነው» እያለ ኖሯል። ጣሪያው ሲያፈስ ያው ነው እንግዲህ። የሚደግፈው ቡድን ወደ ታች ሲወርድ ያው ነው እንግዲህ። እናቱ የሞቱ ዕለት ዳቦ ይዤ ብሄድ በሩን ከፍቶ፣ ዐይኑ ቀልቶ፣ «ያው ነው እንግዲህ» አለኝ፤ ዳቦውን ሰጥቼው ተመለስኩ። አንዴ አጥራችንን ስለማስጠገን ሲያናግረኝ በሆዴ ቆጥሬ ዐሥራ አራት ላይ አቁሜያለሁ። ስለዚህ ወረቀቱን ያሳተሙትን ልጆች ለመውቀስ የመጨረሻዋ ሰው እኔ ነኝ።

ኔቪል ሸሚዙን ሳይተኩስ ወደ ላይ ተመለሰ። ሚስቱ ሞሪን ፀጉሯን ጠቅልላ መስታወት ፊት ተቀምጣ ነበርና ምነው ሸሚዙ ብትለው አፉን ከፈተ፣ ከዚያ ዘጋው። ሊመጡለት የተሰለፉት ቃላት ሁሉ ከዘጠኙ ሳጥኖች የወጡ ነበሩ። «ደህና ነው» አላት። ሞሪን በመስታወቱ ውስጥ አየችው። ሠላሳ አንድ ዓመት አብራው ስትኖር በሁለት ቃል ተናግሮ ሲያበቃ ሰምታ አታውቅም፤ ጨጓራው ተነሥቶበት ይሆናል ብላ አንድ ክኒን ከነውኃው አቀበለችው። እሱም ተከራክሮ ለማስረዳት የሚሆን ቃል ስላልነበረው ዋጠው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን እያሰረ ነው የወሰነው፦ ዛሬ ከዘጠኙ አንዷም ከአፉ አትወጣም። ሰማንያ ሰው እርሳሱን እንደያዘ ይቀራል። ጂኑም ሳይከፈት ወደ ሱቁ ይመለሳል። ቂሙ ትንሽ አስደሰተውና እስከ ፀጉር አስተካካዩ ቤት ድረስ በእግሩ ሄደ።

ፀጉር አስተካካዩ ዱጊ ይባላል፤ ሁለት ወንበርና አንድ ማሞቂያ ያላት ጠባብ ቤት አለችው፣ ዋጋውን ከዐሥራ ሁለት ወደ ዐሥራ አራት ፓውንድ ካሳደገ ወዲህ ለገባው ሁሉ ይቅርታ ይጠይቃል። እንዴት ነህ ሲባል «ማማረር አይቻልም» ይልና ስለ መብራት፣ ስለ ጉልበቱ፣ መንገዱን ቆፍረው ስለሄዱት ሰዎች ሳያቋርጥ ያማርራል። ኔቪል ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ያስተዋለው ያን ዕለት ነው። አጠገቡ የተቀመጠው ሽማግሌ ደግሞ ስለ ሁሉም ነገር «ከዚህም የባሰ አለ» ይላል፤ ስለ ዝናቡም፣ ስለ ጋዜጣውም፣ ስለ ራሱ ፀጉርም። ለእነዚህስ ማን ወረቀት አሳተመላቸው? እያለ ሲብሰለሰል ዱጊ መቀሱን እያንቀጫቀጨ ስለ አማቹ ስለ ቶቢ ጠየቀው። ቶቢ ከደቡብ የመጣ ልጅ ነው፣ ረጅምና ቀጭን፣ ሻይ ከማፍላቱ በፊት ኩባያ የሚያሞቅ። የኔቪል ምላስ «እውነቱን ለመናገር» ልትል ተነሣችና ነክሶ መለሳት። ከሐረጉ በስተጀርባ የነበረው ብቻውን ወጣ። «ጥሩ ልጅ ነው። እወደዋለሁ» አለ። መቀሱ ቆመ። ሽማግሌው ጋዜጣውን ዝቅ አደረገ። ኔቪል ራሱ በመስታወት ውስጥ ቀልቶ ነበር፤ ያለ ልብሱ መንገድ ላይ የወጣ ነው የመሰለው። ቶቢን እንደሚወደው እስከዚያ ደቂቃ ድረስ እሱም አያውቅም ነበር። ዱጊ ሲጨርስ ዛሬ የሠርግ ስጦታ ይሁንልህ ብሎ ዐሥራ አራቱን ፓውንድ አልቀበልም አለ።

ከሁሉ የከበደው መኪናው ነው። ጓደኛው ሪባን አስሮ ያመጣው ነጭ አሮጌ መኪና ውስጥ አባትና ልጅ ከኋላ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ከቤታቸው እስከ ማዘጋጃ ቤቱ ዐሥራ ሁለት ደቂቃ ነው። ሊያን ነጭ ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ ሰብስባ ይዛለች፣ እጆቿ ቀዝቅዘዋል። በእነሱ ቤት ሰው ሲፈራ ማን ምን እንደሚል የታወቀ ነው። ለፈተና ስትሄድ፣ ጥርሷ ሲነቀል፣ መንጃ ፈቃድ ሁለቴ ስትወድቅ፣ አባቷ ጉሮሮውን ጠርጎ «ያው ነው እንግዲህ» ይላታል፣ እሷ ዐይኗን ታጉረጠርጣለች፣ ፍርሃቱም ትንሽ ይለቃታል። አሁንም እሱን እየጠበቀች ነበር። ኔቪልም መጠበቋን ያውቃል። ሁለት የትራፊክ መብራት አለፉ፣ የድሮውን የብረት ፋብሪካ አለፉ፣ የእሱን የቧንቧ መሸጫ አለፉ። «አባዬ፣ ምንም አትለኝም?» አለችው በመጨረሻ። የሚላት ብዙ ነበር፤ የሚጀምርበት ነው የጠፋው። «መንገዱ ዛሬ ጭር ብሏል» አላት። ሊያን ራሷን ነቀነቀችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። በዚህ ጋብቻ አልተደሰተም ብላ አሰበች፤ ኋላ ራሷ ነግራኛለች። እሱ ደግሞ ፊቷን ያዞረችው በአባቷ ስላፈረች ነው ብሎ አሰበ። እንዲህ ሆነው ክንድ ለክንድ ተያይዘው ገቡ፣ ፎቶውም ላይ ሁለቱም ፈገግ ብለዋል።

ድግሱ የተደገሰው የሰፈራችን የሠራተኞች ክበብ ፎቅ ላይ ነበር። ምንጣፉ የሠላሳ ዓመት ቢራ ስለጠጣ ጫማ ይዞ ይቀራል፤ የዳርት ቀስት የሚወረወርበትን ሰሌዳ በፊኛ ሸፍነውታል፤ ግድግዳው ላይ የክበቡ ሟች ሊቃነ መናብርት ፎቶዎች ተደርድረው የሚበላውን ሰው በትዝብት ያያሉ። በሊጥ ተሸፍኖ የተጋገረ የሥጋ ፓይ ከተፈጨ አተር ጋር ቀረበ፤ ከደቡብ የመጡት የቶቢ ዘመዶች አተሩን በሹካ ነካ ነካ እያደረጉ ይህ ደግሞ ምንድን ነው ተባባሉ፣ ከዚያ ጭማሪ ጠየቁ። ወረቀቷን ከሳህኔ ሥር አወጣኋት። ከላይ «የኔቪል ቢንጎ» ይላል፣ ከሥሩ ዘጠኙ ሳጥኖች። ሳቅሁ፤ ምን ልዋሽ። እርሳሴንም ቀረጽ አድርጌ ተዘጋጀሁ፤ ጂን እወዳለሁ። አዳራሹ ሁሉ እንደዚያው ነበር፤ የቶቢ አክስት መነጽሯን ቀይራ፣ ሕፃናቱ እርሳሳቸውን እየላሱ፣ ጆዲ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረች «ቃል በቃል ዐምስት ደቂቃ አይፈጅም» እያለች።

በዚያ ሰዓት ኔቪል ሽንት ቤት ውስጥ የእጅ መታጠቢያው ላይ ጎንበስ ብሎ ንግግሩን ያርማል። ሁለት ገጽ ነበር፤ ለሦስት ሳምንት ማታ ማታ የጻፈው፣ ሞሪን ቴሌቪዥኑን ስትቀንስለት። ሽንት ቤቱን ከሚያጸዳው ልጅ የተዋሰውን እስክሪብቶ ይዞ ከዘጠኙ ያገኛትን ሁሉ መሰረዝ ጀመረ። አንዷ ስትሰረዝ ከእሷ ጋር የተያያዘው ዓረፍተ ነገር አብሮ ወደቀ፤ «ዞሮ ዞሮ ልጅ ልጅ ነው» የሚለው ዞሮ ዞሮው ሲወጣ ትርጉም አጣ። «እውነቱን ለመናገር ጊዜው ሮጠ» የሚለውን ጊዜው ሮጠ ብቻ ሆኖ ሲያየው የአውቶቡስ ማስታወቂያ መሰለው። ሁለቱን ገጽ ሲጨርስ የቀረው ሦስት ነገር ነበር፦ «ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ»፣ «ሊያን» እና «ፓይ ገና አለ»። ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ወጣ፤ ስሙ እየተጠራ ነበር።

ተነሣ። የድምፅ ማጉሊያውን ያዘ። ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ አለ። ፓይ ገና አለ አለ። ሰው ትንሽ ሳቀና እርሳሱን አዘጋጀ። ኔቪል ዝም አለ። ዝምታው ሲረዝም ከኋላ ያለ አንድ ሰው መሣሪያው ጠፍቷል ብሎ ጮኸ፤ ሌላው አልጠፋም ብሎ መለሰለት። «ሊያን» አለ ኔቪል። «ዞ—» ብሎ አፉ ላይ ሲደርስ ቆመ። ዐይኑ ከፊቱ ባለው ጠረጴዛ ላይ፣ ከቶቢ አክስት ወይን ጠጅ አጠገብ በተቀመጠችው ወረቀት ላይ ዐረፈ። ያኔ ነው የገባን፤ ሰማንያችንም በአንድ ጊዜ ነው የገባን። ይህ ሰው ያውቃል። ከመነሣቱ በፊት ጀምሮ ያውቃል። እርሳሴን ሳህኔ ሥር ሸጎጥኩት። ሊያን እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ ጆዲ የያዘቻትን ወረቀት ከጀርባዋ ደበቀች። ኔቪል ግን የማንንም ፊት ሳያይ፣ ዱጊ ቤት እንደቀላው ቀልቶ፣ ቀጠለ።

«ነርስነት ልትማሪ ኒውካስል ያደረስኩሽ ዕለት፣ ትራስሽን መኪናዬ ውስጥ ረስተሽው ወረድሽ። ግማሽ መንገድ ከመጣሁ በኋላ ነው ያየሁት። ሻይ የሚሸጡበት የመኪና ማረፊያ ላይ አቆምኩና ትራሱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል መንዳት አቃተኝ፤ ዐይኔ አያይም ነበር። ሻይ የምትሸጠው ሴትዮ መጥታ መስኮቱን አንኳኳች። ስደርስ ለእናትሽ መንገድ ተዘጋግቶ ነው አልኳት። ውሸቴን ነው።»

«አውቄ ነበር» አለች ሞሪን ከተቀመጠችበት፣ ማጉሊያ ሳያስፈልጋት። «ሬዲዮኑን ከፍቼ የመንገዱን ወሬ እየሰማሁ ስጠብቅህ ነበር። መንገዱ ክፍት ነበር።»

አዳራሹ ፈነዳ። ኔቪልም ሳቀና ትከሻው ትንሽ ወረደለት። ሳቁ እስኪያልቅ ጠብቆ ወደ ልጁ ተመለሰ።

«ደውለሽ ስለ ትራሱ ስትጠይቂኝ ያው ነው እንግዲህ፣ ትራስ እዚያም ይሸጣል አልኩሽ። መመለስ እችል ነበር። ግን እንደዚያ ሆኜ እንድታዪኝ አልፈለግሁም። ቤቱ ባዶ ሆኖብኝ ነበር። አሁንም ልትሄጂ ነው፣ አሁንም ባዶ ሊሆንብኝ ነው። ቶቢ ጥሩ ሰው ነው፤ ደስ ብሎኛል። እንደ አንቺ የምወደው ነገር በዚህ ዓለም የለኝም። ይኸው ነው።»

ተቀመጠ። ንግግሩ መሐል አንዷን ሐረግ ማለቱን ያስተዋለ ሰው ካለ አልሰረዛትም፤ ማንም ወረቀት አልነካም። የቶቢ አክስት በወረቀቷ ጀርባ ዐይኗን አበሰች። እኛ ሰፈር ሰው እንዲህ አይናገርም፤ ሠርግ ላይም ቀብር ላይም አይናገርም፤ ስለዚህ ማጨብጨብ ይገባ እንደሆነ እንኳ የሚያውቅ አልነበረም። የክበቡ ገንዘብ ያዥ፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር የሚሆን ሽማግሌ፣ አንገቱን ደፍቶ አተሩን ያማስላል። እኔም በስሱ ግድግዳ በኩል ሃያ ሁለት ዓመት የሰማሁትን ሁሉ እንደገና ሰማሁት፤ ዳቦውን ሰጥቼው የተመለስኩበትንም በር አስታወስኩና አፈርኩ፣ አፍሬም ደግሞ ደስ አለኝ፤ ሁለቱ እንዴት አብረው እንደሚመጡ አላውቅም።

ሙሽራ ተነሥታ መናገር በክበባችን ልማድ የለም። ሊያን ግን ተነሣች። ቀሚሷ ወንበሩን ገለበጠው፣ ቶቢ አነሣው። ማጉሊያውን ከአባቷ እጅ ወሰደች፣ ሆስፒታል ውስጥ በቀን ሠላሳ በሽተኛ የምታጽናና፣ ለሐኪም የማትመለስ፣ አፏ የተፈታ ልጅ ናት፤ ሁላችንም አሁን ጥሩ ነገር ልትናገር ነው ብለን ጠበቅን።

«አባዬ» አለች። «እውነቱን ለመናገር…»

የሆነ ሰው ፍርፍር ብሎ ሳቀ። ሊያን ራሷ ምን እንዳለች የሰማችው ከዚያ በኋላ ነው። ራሷን ነቅንቃ እንደገና ጀመረች። «ማለቴ፣ ቅር እንዳይልህ እንጂ፣ ያ ትራስ… አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ…» አሁን አዳራሹ በሙሉ እየሳቀ ነበር፣ እሷም በአፍንጫዋ እየሳቀች፣ እንባዋም ሜካፑን ይዞት እየወረደ። የአባቷን አገጭ፣ የአባቷን እጅ አወራረድ፣ የአባቷን አፍ ነበር የምናየው። ቶቢ ኋላ እንደነገረኝ ከሆነ እሱ በሦስት ዓመት ውስጥ እነዚያን ሐረጎች ከእሷ አፍ ሰምቶ ያልቆጠረበት ቀን የለም፤ ሠርጉ እንዳይፈርስበት ነው ዝም ያለው። «ሦስቱን የጨመርኩት እኔ ነኝ፣ አባዬ። ወረቀቱ ላይ። ጠዋት። እኔ ምን አውቃለሁ ግን… ዞሮ ዞሮ…» አለች። ከዞሮ ዞሮ በኋላ የሚመጣ ነገር ነበረ። አፏን ሁለት ጊዜ ከፈተችለት፣ ሁለት ጊዜም እምቢ አላት። ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋ። ማጉሊያውን ዝቅ አድርጋ፣ ለሰማንያ ሰው ሳይሆን ለአንድ ሰው በሚሆን ድምፅ፣

«ገባህ አይደል?» አለችው።

«ገባኝ» አላት።